ያጨበጨቡለት ትንፋሽ

ትንፋሼ መጀመሪያ የከዳኝ ሱጁድ ላይ ነው። የንጋቱን ሱብሒ ሶላት እየሰገድኩ ግንባሬን መሬት ሳስነካ፣ ደረቴ ላይ ውኃ የሞላ እንስራ የተጋደመ መሰለኝ። አየር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቀና ስል ተለቀቀ። ሁለተኛው ሱጁድ ላይም እንደዚያው ሆነ። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ የዶርማችን ወለል ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። ብርድ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱም፣ በሳልስቱም ሲደገም ብርድ ማለቱ አላዋጣኝም። እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ሶላቱ ላይ አንድ ነገር ሲያውከው የሚሰጠው ስም አለው፤ ወስዋስ ይለዋል። ሸይጧን ሰውን ከጌታው ፊት ሲቆም የሚረብሽበት ነገር ነው። እኔም ወስዋስ ነው አልኩና ሐኪም ቤት መሄዱን ተውኩ። ሱጁዴን አሳጠርኩ፤ በማሳጠሬ አፈርኩ፤ ለማካካስ ብዬ ቁርኣን መቅራት ጨመርኩ። ለታመመ ልብ ሁለት ወር ሙሉ ያደረግኩለት ሕክምና ይኸው ነበር። ዱዓ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ ዛሬም አደርጋለሁ። ግን ዱዓው ሐኪም ቤት አትሂጂ አላለኝም፤ ያልኩት እኔው ነኝ።

ዘሀራ እባላለሁ። የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። በጭፈራ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው። እንዲያውም ከስሜ በፊት ትከሻዬን የሚያውቁ ሰዎች አሉ ቢባል ጉራ አይሆንብኝም። ይህን የምናገረው ለመመካት ሳይሆን በኋላ የሆነው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ሁለተኛው ምልክት አምባሰል ውስጥ መጣ። አክስቴ ልጇን ስትድር ሄድን። መኪና እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ልጅ ሆኜ እየሮጥኩ እወጣው የነበረውን ዳገት ሦስት ጊዜ ቆሜ፣ አራተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አክስቴ እህል ተሸክማ አልፋኝ ሄደችና ዞር ብላ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መማር እግር ያስረሳል እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። ሰርገኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ፈልጌ ትንፋሼ አልበቃኝም። ሰርጉ ላይ ግን ጨፈርኩ። ግትር ነኝ።

ሦስተኛውን ያየችው የዶርም ጓደኛዬ ጽጌ ናት። ጽጌ ከግሸን ተራራ ግርጌ የመጣች፣ ከበሮ ስትመታ እጇ የማይደክም ልጅ ናት። በሁለት ትራስ መተኛት ጀምሬ ሦስተኛ ሲያስፈልገኝ የራሷን አንስታ ሰጠችኝና፣ ንግሥት ሆነሻል፣ የቀረሽ ዘውድ ነው አለችኝ። ትራሱን በደስታ ተቀበልኩ። ሁለታችንም ለምን ብለን አልጠየቅንም።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። በዚያው ሰሞን የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበባችን አንድ ዝግጅት እያሰናዳ ነበር። የሌላ አገር ተማሪዎች ሲያደርጉት በቪዲዮ አይተን የወሰድነው ሐሳብ ነው፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጡ መጨፈር። ጭፈራው የእኛው፣ ከበሮው የእኛው፣ ገቢው ደግሞ የልብ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት መታከሚያ። እኔ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለነበርኩ ሁለት ሥራ ተሰጠኝ። አንደኛው የዝግጅቱን ደንብ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ስለ በሽታው የሚያስረዳውን በራሪ ወረቀት፣ ሐኪሞች ከሰጡን ጽሑፍ ወደ ቀላል አማርኛ መመለስ።

ደንቡ አጭር ነበር። ለሶላትና ለመጸዳጃ ካልሆነ መውጣት የለም። በየሰዓቱ መጨረሻ አምባሰል ይዜማል፤ አምባሰል ዝግ ያለ ቅኝት ስለሆነ ጨፋሪው በቆመበት ትከሻውን ብቻ እያወዛወዘ ያርፋል። የመጨረሻውን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከአዳራሹ በር በላይ ለጠፍኩት፦ መቀመጥ ክልክል ነው።

በራሪ ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ይል ነበር። ልጅዎ ዳገት ሲወጣ ያለከልካል? ጎንበስ ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል? ትራስ ካልተደራረበለት መተኛት ያቅተዋል? በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ታሞ፣ ከዚያ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ያውቃል? የልብ ቫልቭ የሚለውን "በር" ብዬ ተረጎምኩት። በሩ ሲጠብ ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባን ያጥለቀልቃል ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ስላማረኝ ለጽጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። እሷ የሰጠችኝን ሦስተኛ ትራስ ተደግፌ ነበር የማነበው። ልጅዎ ስለሚል የሕፃናት ጉዳይ አድርጌ አየሁት፤ እኔም የእናቴ ልጅ መሆኔ ትዝ አላለኝም።

ቀኑ ደረሰ። አርባ የምንሆን ጨፋሪዎች ነበርን። ፊት ወንበር ላይ የክብር እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም መካከል ከአምባሰል የመጡ እትዬ መዲና የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከአጠገባቸው የአሥር ዓመት ልጃቸው ሶፊያ ነበረች። የምንጨፍረው እንደ ሶፊያ ላሉት ነው። ሶፊያ ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ግን ከጨፋሪ ጨፋሪ እየዘለለ ይስቃል። ስትስቅ ታለከልካለች። እናቷ በዚያን ጊዜ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ያደርጋሉ።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ምንም አልሆንኩም ማለት እችላለሁ፤ ውሸት ግን ይሆናል። አምባሰሉን እየጠበቅኩ ነበር የምጨፍረው። ዙህር ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ የሚባለውን ውዳሴ አንዴ እንኳ "ሱብሐነ ረቢየል አዕላ" ብዬ መጨረስ አቃተኝ። ቀና ብዬ ቀረሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስትጨርስ እኔም እንደጨረስኩ ሆኜ ተነሳሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ፣ በስምንተኛው ሰዓት ላይ፣ ጭፈራው ፈጠነ።

እስክስታን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ጭፈራ ትንፋሽ ራሱ ከበሮ ነው። ትከሻውን የሚሰብቅ ሰው ከጥርሶቹ መካከል "እስ፣ እስ" እያለ ትንፋሹን ከምቱ ጋር ይቆርጠዋል። ተመልካች ይህን ሲሰማ ይሞቃል፣ ያጨበጭባል፣ ሴቱ እልል ይላል። የጎበዝ ጨፋሪ ምልክት ነው።

ትንፋሼ መቆራረጥ ጀመረ።

ሰው አጨበጨበ።

ክብ ሠርተው ከበቡኝ። ስሜን ጠሩ። ጽጌ አየችኝና ሳቀች፤ ከበሮውን ለእኔ ብላ አፈጠነችው። አየር ነበረ። ወደ ውስጥ አልገባም አለ። ልቤ ከከበሮው ቀድሞ ሄደ። የሰው ፊት ዳር ዳሩ ጠቆረ። ማቆም ፈለግኩ። ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አልነበረኝም። እርዱኝ ለማለት እጄን አነሳሁ።

አዳራሹ በሙሉ እጁን አብሮኝ አነሳ።

ያንን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል። የሚወዱኝ ሰዎች፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ሆኖ፣ ስሜን እየጠሩ፣ ስሞት እያጨበጨቡ ነበር። አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን አጨበጭብ ነበር።

ከበሮው በድንገት ጸጥ አለ። እትዬ መዲና ክቡን ሰብረው ገብተው መዳፋቸውን ከበሮው ቆዳ ላይ ጭነውት ነበር።

"አቁሙት" አሉ። "ይኼ ጭፈራ አይደለም። ይኼ የልጄ ትንፋሽ ነው።"

ልጆቹ ሊያስተኙኝ ሲሉ እትዬ መዲና ከለከሉ። አታስተኟት፣ ትታፈናለች፣ ተደግፋ ትቀመጥ አሉ። ራሳቸው መሬት ተቀምጠው ደረታቸው ላይ አስደገፉኝ። ሳልኩ። ነጠላቸው ላይ ሮዝ አረፋ ወጣ። "አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ" ይሉኛል ጆሮዬ ሥር። ከበሩ በላይ የራሴ ጽሑፍ ይታየኛል። መቀመጥ ክልክል ነው ይላል።

ከዚያ አምቡላንስ። ኦክስጅን። መርፌ። ላሲክስ የሚሉት መድኃኒት ነው፤ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት ያወጣል። ሰዓቱን አላውቅም። ትንፋሼ ትንሽ ሲመለስ አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች። ዳገት ስትወጪ ታለከልኪያለሽ? አለች። ጎንበስ ስትይ ትንፋሽ ያጥርሻል? ትራስ ካልተደራረበልሽ መተኛት ያቅትሻል? በልጅነትሽ ጉሮሮሽን ታመሽ፣ ከዚያ ጉልበትሽ አብጦ ያውቃል? የራሴን በራሪ ወረቀት የምታነብልኝ መሰለኝ። ወረቀቱ የሆስፒታሉ ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ለአራቱም አዎ አልኩ፤ አራተኛው ላይ አለቀስኩ።

በማግስቱ ኢኮ ተነሳሁ፤ ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ምርመራ ነው። አይጎዳም፣ አያምም፤ ቀዝቃዛ ቅባት ደረት ላይ ያደርጋሉ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። አንድ ነጭ ነገር በጭንቅ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"ሚትራል የሚባለው ቫልቭሽ ጠቧል" አለኝ። "ስቴኖሲስ እንለዋለን። ይህ የትናንት በሽታ አይደለም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አብሮሽ ነበር። ትናንት ልብሽ ሲፈጥን በጠባቡ በር ደም የሚያልፍበት ጊዜ አጣ።"

በር አለ። ቃሌን።

እናቴ ከሐይቅ ደርሳ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። ሐኪሙ በልጅነቴ ጉሮሮዬን ታምሜ አውቅ እንደሆነ ጠየቃት። እናቴ አላመነታችም፤ የልጇን ታሪክ በደንብ እንደምታውቅ እናት ኮራ ብላ ነው የመለሰችው። ሰባት ዓመቷ ላይ እንጥሏ ወርዶ ነበር፣ ትኩሳቱ አላስበላት ሲል ተሸክሜ ወስጄ አስቆርጬላት ዳነች አለች። ከዚያስ ሲላት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፣ እሱ ሲሻል ቁርጭምጭሚቷ፣ ቁርጥማት ነው ብለው በለጋ ቅቤ እያሸሁላት ለቀቃት አለች።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገራት። ያ የእንጥል መውረድ ሳይሆን የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነበር፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም። በፔኒሲሊን ይድናል። ካልታከመ አንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ያቆስላል። የመገጣጠሚያው እብጠት ይጠፋል፤ የልቡ ጠባሳ ይቀራል። ሩማቲክ የልብ በሽታ ማለት ይህ ነው። እንጥል መቁረጥ ጉሮሮን አላዳነም፤ የዳነው በራሱ ጊዜ ነው።

እናቴ መሬት ተቀመጠች። "አፉ በይኝ ልጄ" አለች። "ወላሂ ያዳንኩሽ መስሎኝ ነው።"

እንደ መልካም ልጅ ወዲያው አፉ፣ ይቅር ብያለሁ አልኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። ተናድጄ ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ፀሐይ ነበረ። ነጠላዋን በራሴ ላይ ጥላብኝ ግማሽ ቀን ተጉዛ ነው እንጥል ቆራጯ ዘንድ ያደረሰችኝ። መንገድ ላይ አንዴም አላወረደችኝም። እናቴ ችላ ያለችኝ ቀን የለም፤ የጎዳኝ እንክብካቤዋ ነው። በማግስቱ አፉ አልኳት።

በመድኃኒት ተረጋግቼ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልኝ። ወራት ጠበቅኩ። ከዚያ በቀዶ ጥገና ሳይሆን በባሉን ከፈቱልኝ፦ ከብሽሽት ባለው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ልብ ድረስ ይወስዱና፣ ጫፉ ላይ ያለውን ፊኛ ቫልቩ መካከል ላይ ይነፉታል። አልተኛሁም ነበር። ሐኪሟ አሁን ትንሽ ይሰማሻል አለችኝ፤ ልቤ አንዴ ተንሸራተተ፤ ከዚያ "ተከፈተ፣ በደንብ ተንፍሺ" አለችኝ። ተነፈስኩ። ትንፋሹ እስከ ታች ወረደ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ከሰባት ዓመቴ ወዲህ።

ሐይቅ ተመልሼ የሰገድኩት የመጀመሪያው ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ ሳልነሳ በመቆየቴ እናቴ የሆነ ነገር የሆንኩ መስሏት ከጓዳ እየሮጠች መጥታ ትከሻዬን ነካች፤ እኔ ግን እዚያው ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ እየተነፈስኩ ነበር፣ እየተነፈስኩ ብቻ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በሚዘረጉበት በኩል፣ መጀመሪያ እስከ ቅርቡ ዛፍ፣ ቀጥሎ እስከ ሁለተኛው፣ እያለ እያለ እስከ እርሻው ጫፍ ድረስ ከእናቴ ጋር እየተራመድኩ ጉልበቴን መለስኩ፤ እሷ ከመራመዱ ይልቅ ስንት ጊዜ እንደተነፈስኩ መቁጠሩን ትወድ ነበር። ጽጌም በየሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። ከበሮ መምታት ትታለች። ያን ቀን አንቺ ከምት ወጥተሽ ብትጨፍሪ ኖሮ ይገባኝ ነበር አለችኝ አንድ ጠዋት፣ ምቱን አልሳትሽውም እኮ። አንድ ሳምንት ጨቅጭቄ ከበሮዋን አስመለስኳት።

አሁን ለእናንተ፣ ይህን ወረቀት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጣችሁ ለምታነቡት። ልጃችሁ ጉሮሮውን ታሞ ትኩሳት ካለው እንጥል ቆራጭ ዘንድ አትውሰዱት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መገጣጠሚያው ካበጠ ቅቤውን ወጥ ሥሩበት፤ ልጁን ለሐኪም አሳዩት። በሽታው ካለባችሁ ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየአራት ሳምንቱ ተወጉ፤ ያማል፣ ታፋ ያስነክሳል፣ ደህና ሳለሁ ለምን ያሰኛል፤ ቢሆንም ተወጉ። ማርገዝ የምታስቡ መጀመሪያ የልብ ሐኪም አማክሩ። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ስም አታውጡለት፤ ብርድ ነው፣ ወስዋስ ነው፣ ስንፍና ነው አትበሉ። ስም የሚያወጣለት ኢኮው ነው። የክበባችን ልጆች በቀጣዩ ዓመት ጭፈራውን ሲደግሙ የእኔን ማስታወቂያ ቀድደው ወንበር ደረደሩ፤ አንዲት ነርስም እያንዳንዱን ጨፋሪ አስቀምጣ ልቡን አዳመጠች። ሐኪሞቼን፣ ነርሶቼን፣ እናቴን፣ ጽጌን አመሰግናለሁ። አልሐምዱሊላህ።

እትዬ መዲናን ግን በአንድ መስመር አመስግኜ ማለፍ አልችልም።

የሶፊያ ልብ ሁለት ቫልቭ ተጎድቶ ነበር። በባሉን የሚሆን አልነበረም። ትልቅ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት ነበር፤ ተራ ላይ ነበረች። እኔ በዳንኩበት ዓመት ክረምት ተራዋ ሳይደርስ ሞተች።

ለቅሶ ሄድኩ። ቤታቸው ከአክስቴ መንደር በላይ ነው። ያንን ዳገት አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቀመጥ ወጣሁት። በዚያ ቀን ትንፋሽ ስላላጠረኝ አፈርኩ። እትዬ መዲና በር ላይ አቀፉኝ፤ ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። 

ሶፊያ መርፌዋን የምትወጋው በየሃያ ስምንት ቀኑ ነበር። እናቷ ቀኑን መቁጠር አልተዉም። ቀኑ ሲደርስ ስልኬ ይጮኻል።

"ተወጋሽ?" ይሉኛል።

"ተወጋሁ፣ እትዬ።"

"እስቲ ተንፍሺልኝ።"

ስልኩን አፌ ላይ አስጠግቼ እተነፍሳለሁ። እስኪበቃቸው ያዳምጣሉ።